እጅና እጀታ

«ሰው መሣሪያን ያዝዛል ወይስ መሣሪያ ሰውን?» የሚለው ጥያቄ የቆየ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነሣውም ስለ ፋብሪካ፣ ስለ ማሽንና ስለ ታላላቅ ግኝቶች በሚወሳበት ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ ጥያቄው ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣባት ስፍራ ከአንድ ጭብጥ አትበልጥም፤ እርሷም እጀታ ናት። የመጥረቢያ ስለት ለእንጨት፣ ማረሻ ለአፈር፣ አፈሙዝ ለዒላማ የተሠሩ ናቸው። ከመሣሪያው አካል ለያዡ ሰው ተብሎ የተሠራው እጀታው ብቻ ነው። ስሙም ከእጅ የተወለደ ነው። አማርኛ ደግሞ እጅን የሥራ ብልት ብቻ አድርጎ አይመለከተውም። የተሸነፈ እጁን ይሰጣል፤ አጥፊ እጅ ከፍንጅ ይያዛል፤ የአንድ ነገር ተካፋይ የሆነ ሰው «እጁ አለበት» ይባላል። በቋንቋው ዘንድ እጅ የኃላፊነት ምስክር ነው። እንግዲህ እጀታ ኃላፊነትና ብረት የሚጨባበጡበት ስፍራ ከሆነ፣ እጀታን ለእጅ አስማምቶ መቅረጽ ምን ማለት ነው? ምቾትን መሻት ብቻ ነው ወይስ የሚያስከትለው ግዴታም አለ?

ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ በተዘረጋው የአዊ ምድር ለዚህ ጥያቄ የመጀመሪያውን መልስ የሚሰጠው ገበሬው ነው። ማረሻውን ቀጥቃጭ ይሠራለታል፤ ቀንበሩን ከጎረቤት ሊዋስ ይችላል፤ እርፉን ግን ለቁመቱና ለመዳፉ አስተካክሎ ይጠርበዋል። እርፉ ካጠረበት ወገቡ ይጎብጣል፤ ከረዘመበት ክንዱ ተንጠልጥሎ ይውላል፤ ከቀጠነበት ጭብጡ ይላላል። መጥረቢያ ሊገዛ ዳንግላ ገበያ የወጣ ሰውም ስለቱን በአውራ ጣቱ ከሞከረ በኋላ ዛቢያውን ጨብጦ አንድ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ያነሣዋል። ክብደቱ ከክንዱ፣ ውፍረቱ ከመዳፉ ጋር መስማማቱን መፈተኑ ነው። ወፍሮ ካገኘው ቤቱ ወስዶ ይልገዋል፤ ቀጥኖ ካገኘው ቆዳ ይጠመጥምበታል።

ከዚህ ተራ ከሚመስል ተግባር ውስጥ አንድ የሞራል ፍሬ ነገር ይገኛል። እርፉ ለሰውየው ቁመት እስካልተጠረበ ድረስ ትልሙ ሲጣመም የሚወቀስ ሌላ አለ፤ «እርፉ አስቸገረኝ» ማለት ይቻላል። ተጠርቦ ከተስማማ በኋላ ግን የተጣመመው ትልም የአራሹ የራሱ ነው። መሣሪያን ለእጅ ማስማማት እንግዲህ ሰበብን ማጥፋት ነው። ሰው እርፉን ሲጠርብ ሥራውን ማቅለሉ እውነት ነው፤ ሳያውቀው የሚፈጽመው ሌላው ጉዳይ ግን ለሥራው ውጤት ዋስ መሆኑ ነው።

የአዊ ሰው ፈረሰኛነት ነገሩን አንድ እርምጃ ያራምደዋል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ በዓድዋ ጦርነት የተሰለፉትን ፈረሶችና ፈረሰኞች በማሰብ ዓመታዊ በዓሉን ጥር 23 ቀን ያከብራል። በእንጅባራው ሜዳ ላይ የተመልካቹ ዓይን በጌጡ፣ በሩጫውና በጉግሱ ይማረካል። ፈረስ የሚያውቅ ሽማግሌ ግን አስቀድሞ የሚመለከተው ኮርቻውን ነው። ኮርቻ ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ወደ ፈረሰኛው፣ ሌላው ወደ ፈረሱ ጀርባ። ለፈረሰኛው እጅግ የተመቸ ኮርቻ የፈረሱን ጀርባ ሊያቆስል ይችላል። ጋላቢው በድሎት በተቀመጠበት ሥር ገጣባ ያብጣል። የያዡ ምቾት ብቻውን የመልካም መሣሪያ መለኪያ ሊሆን እንደማይችል ያ ገጣባ ይመሰክራል። መሣሪያ ከሚይዘው ሰው ጋር ብቻ ሳይሆን ከሚያርፍበት አካል ጋርም መስማማት አለበት።

በዚሁ ምድር፣ እንደ ሌላው የጎጃም ክፍል ሁሉ፣ ከእርፍና ከኮርቻ ጎን ሦስተኛ ነገር አለ፤ ብረት። ውጅግራውም ሆነ ምንሽሩ፣ ኋላ የመጣው ክላሽም ቢሆን በትከሻ የሚውል፣ ከሩቅ የሚታይ መሣሪያ ነው። ሽጉጥ ግን ስሙ ጠባዩን ይናገራል፤ መሸጎጥ ከሚለው ግስ የወጣ ነውና። ከመታጠቂያ ሥር እንዲሰወር ሲባል አፈሙዙ ያጥራል፣ ካዝናው ይቀንሳል፣ እጀታውም ይጠባል። ትንሹ ሽጉጥ በተለይ ለሚጨብጠው እጅ ሳይሆን ለሚሸጎጥበት ልብስ ተለክቶ የተሠራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እርፍና መጥረቢያ ያሰፉት መዳፍ እንዲህ ያለውን ሽጉጥ ሲጨብጥ ችግሩ ወዲያው ይገለጣል። ትንሿ ጣት ማረፊያ አጥታ ከእጀታው በታች ትንጠለጠላለች። በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መካከል ያለው ሥጋ ከልክ በላይ ወደ ላይ ወጥቶ፣ በተኩስ ጊዜ ወደ ኋላ የሚንሸራተተው ብረት ይቦጭቀዋል። አማርኛ «ሌባ ጣት» የሚላት ጣትም ከምላጩ አልፋ ትገባና ስትስብ አፈሙዙን ወደ ጎን ትሰርቀዋለች። ትንሽ ሽጉጥ ቀላል በመሆኑ ምቱ በእጅ ላይ ይበረታል፤ ጭብጡ ካልጸና ሁለተኛው ጥይት ከመጀመሪያው ይልቅ ይስታል። የሳተ ጥይት ደግሞ በአየር ላይ አይቀርም። ያላጠፋ ሰው፣ በመንገድ የሚያልፍ ሕፃን፣ በአጥር ማዶ የቆመች ላም ያገኛል።

ስለዚህ ሕግ ፈቅዶለት ሽጉጥ የያዘ ባለ ትልቅ መዳፍ ሰው ከሁለት አንዱን መምረጥ ይገባዋል፤ ወይ እጁን ለእጀታው ያጥፋል፣ ወይ እጀታውን ለእጁ ያሰፋል። የኋለኛው መንገድ አዲስ አይደለም። ጆን ብራውኒንግ የነደፈውና የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1911 የተቀበለው ሽጉጥ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ልምድ በኋላ በ1920ዎቹ ታርሟል። ምላጩ አጠረ፤ ጣት በቀላሉ ትደርስ ዘንድ ከምላጩ በስተኋላ ያለው ብረት ተፋቀ፤ ወደ ኋላ የሚመለሰው መምቻ ሥጋ እንዳይነክስ ከእጀታው በላይ ያለው ጭራ ረዘመ። በ1990ዎቹ የወጣው የጀርመኑ ዋልተር ፒ99 ደግሞ የእጀታው ጀርባ እንደ እጁ መጠን እንዲለወጥ ተደርጎ ተሠራ። እስከ 2016ቱ የሪዮ ኦሊምፒክ በዘለቀው የ50 ሜትር የሽጉጥ ውድድር ተወዳዳሪዎች ለመዳፋቸው ልክ የተቀረጸ የእንጨት እጀታ ይዘው ይቀርቡ ነበር። በእጅ ሥራም ቢሆን መንገዱ ሩቅ አይደለም። ወፈር ያለ የእንጨት ገጽ መግጠም፣ ጎማ ማልበስ፣ ከካዝናው ግርጌ ለትንሿ ጣት ማረፊያ መጨመር ይቻላል። ካላማዳሪያ ቆርጦ በእጀታ ላይ መጠምጠምም ለመጥረቢያ እንደሚረዳ ሁሉ ለሽጉጥ ይረዳል። ብልህ ሠራተኛ ግን ድንበሩን ያውቃል፤ የእጀታውን ልብስ ይለውጣል እንጂ ምላጩን፣ ሞላውንና መጠበቂያውን አይነካም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። እጀታው በሰፋ መጠን ሽጉጡ ለመሸጎጥ ያስቸግራል። ለጭብጥ የተጨመረው ስንዝር የማይሞላ እንጨት ከልብስ በላይ ጉብ ብሎ ይታያል። መሸጎጥና መጨበጥ እርስ በርሳቸው ይቃረናሉ፤ አንዱን የጨመረ ከሌላው ይቀንሳል። እጀታውን የሚያሰፋ ሰው ይወቀውም አይወቀውም፣ ከመሰወር ይልቅ መታወቅን፣ ከድንገተኛነት ይልቅ እርግጠኝነትን መርጧል። ብረቱ ከተደበቀበት ጥቂት ወደ ብርሃን ይወጣል፤ ባለቤቱም አብሮ ይወጣል።

ይህን አሳብ የሚቃወሙ ሁለት ወገኖች ይኖራሉ። የመጀመሪያው ወገን «መግደያ ለእጅ ሊመች አይገባውም፤ ሻካራና አስቸጋሪ ሲሆን ሰው ያመነታል፣ ሲያመነታም ነፍስ ይተርፋል» ይላል። ክርክሩ ክብር የሚገባው ነው። ነገር ግን ማመንታት የልቡና ሥራ እንጂ የእጀታ ሥራ አይደለም። እጀታው የማይመቸው ቁጡ ሰው ምላጩን ከመሳብ አይመለስም፤ የሚስተው ዒላማውን ብቻ ነው። ትዕግሥትን ከብረቱ ጉድለት የሚጠብቅ ኅብረተሰብ ሰውን ማስተማር ሰልችቶታል ማለት ነው።

ሁለተኛው ወገን በተቃራኒው ቆሞ «ነገሩ የሙያ ጉዳይ ነው፤ እጀታ ተስማማ አልተስማማ ከሞራል ጋር ምን አገናኘው?» ይላል። ለዚህኛው መልስ የሚሰጠው የፈረሱ ገጣባ ነው። ሽጉጥም እንደ ኮርቻ ሁለት ፊት አለው፤ በአንዱ ጫፍ እጀታ፣ በሌላው ጫፍ አፈሙዝ። እጀታውን ለመዳፉ ሲያሳምር የሰነበተ ሰው በአፈሙዙ በኩል ስላለው ሰው ያን ያህል ጊዜ ካላሰበ፣ ለራሱ ተመችቶት ፈረሱን ከሚገጥብ ጋላቢ አይለይም። በኦሊምፒኩ ሜዳ ጭንቀቱ በእጀታው ላይ ቢያበቃ አያስወቅስም፤ ዒላማው ወረቀት ነውና። ከሜዳው ውጭ ግን ወረቀት የለም።

ጉዳዩ ለአማራ ክልል የሩቅ ፍልስፍና አይደለም። ብረት የወንድነት መለኪያ፣ የክብር ጌጥ ሆኖ የኖረበት አገር ነው። የደም መመለስ ልማድ ስንቱን ቤት እንደዘጋ ሽማግሌዎች ያውቃሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ መያዝን ከፈቃድ ጋር አስተሳስሯል፤ በ2015 ዓ.ም. በክልሉ የተቀሰቀሰው የትጥቅ ግጭት ደግሞ ብረት በየእጁ ሲገባ ምን እንደሚያስከፍል ዳግመኛ አሳይቷል። አዋጅ ማን መያዝ እንደሚችል ይወስናል። የያዘው ሰው በጭብጡ ውስጥ ምን እንዳለ እንዲያውቅ የማድረግ ሥራ ግን የመምህሩ፣ የሽማግሌውና የጥበብ ሰው ድርሻ ነው።

ከጥበብ ሰዎች መካከል የቴአትር ባለሙያ ይህን ከማንም በላይ ይረዳዋል። ለመድረክ የሚሠራ የእንጨት ሽጉጥ ለማንኛውም ተዋናይ ይስማማል፤ ዛሬ ቀጭን ወጣት፣ ነገ መዳፈ ሰፊ ጎልማሳ ይዞት ቢወጣ ልዩነት የለውም። የሚስማማበት ምክንያት በጥሩ ስለ ተቀረጸ አይደለም፤ ተጠያቂነት የሌለበት ስለ ሆነ ነው። መጋረጃው ሲወርድ የሞተው ተነሥቶ እጅ ይነሣል። እውነተኛው ብረት ለማንም እንዳሻው የማይስማማው፣ ተለክቶ፣ ታርሞ፣ ከአንድ ሰው ጋር ተቆራኝቶ መያዝ ያለበት፣ ከእርሱ በኋላ የሚወርድ መጋረጃ ስለሌለ ነው።

የአዊው ገበሬ እርፉን ጠርቦ ሲጨርስ በመዳፉ አሽቶ ይመለከተዋል። በሬዎቹን ጠምዶ የመጀመሪያውን ትልም ካወጣ በኋላም ከማሳው ጫፍ ቆሞ ወደ ኋላ ዞሮ ያያል። እርፉን ሳይሆን ትልሙን ነው የሚያየው፤ ቀጥ ብሎ ከሆነ የእርሱ ነው፣ ተጣሞም ከሆነ የእርሱ ነው። የሽጉጡን እጀታ ለመዳፉ ያሰፋ ሰውም ከዚያች ቀን ጀምሮ «ብረቱ ነው» ሊል አይችልም። እጀታው የእርሱ ሆኗልና በነገሩ እጁ አለበት።