የሰው ደብዳቤ በእጃችን ሲያድር

በዚህ እትም ልናነሣው የወደድነው ጉዳይ ከሩቅ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ዛሬ ብዙዎቻችን የኢሜይል ደብዳቤዎቻችንን በታብሌት ይዘን እንዞራለን፤ ነገሩም የመሣሪያ ጉዳይ ነው ተብሎ ለወጣቶች የተተወ ሆኖአል። እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንዲሁ እናስብ ነበር። ነገር ግን በራሳችን ቸልተኝነት የሰው ገመና በአደባባይ ከተገለጠ በኋላ ጥያቄው የግብረ ገብ ጥያቄ መሆኑን ተረድተናል፤ ስለዚህ ስሕተታችንን ሳንሸሽግ እንጽፋለን።

አስቀድመን ለምቾቱ የሚገባውን እንስጠው። ምቾት ሲባል ስንፍና ብቻ የሚመስላቸው አሉ፤ እኛ በዚህ አንስማማም። ከፍኖተ ሰላም ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚወጣ ሰው ከዋናው መንገድ ከተለየ በኋላ ብዙ ጊዜ መብራቱም ኔትወርኩም ከኋላው ይቀራሉ። ክረምት ከሆነ ጭቃው መኪና ስለሚይዝ የቀረው መንገድ በእግር ወይም በበቅሎ ነው። ታብሌቱ ከተማ ሳለ ደብዳቤዎቹን አውርዶ ከያዘ ግን ማታ በእንግድነት ባደርንበት ቤት እናነባቸዋለን፤ መልሱንም ጽፈን እናስቀምጣለን፤ ወደ ቡሬ ወይም ወደ ፍኖተ ሰላም ስንመለስ በራሱ ይሄዳል። አንድ ጊዜ እንዲህ አድርገን ስናነብ፥ ለዓይን ሕክምና ወደ ባሕር ዳር ለመሄድ በግ ሸጠው የተዘጋጁ አንድ ሽማግሌ ቀጠሮአቸው በሦስት ሳምንት መተላለፉን አየን። በማግሥቱ ማለዳ ሊነሡ ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት በቆየበት ወቅትም፥ በእጃችን የቀሩት ቀደም ብለን ያወረድናቸው ደብዳቤዎች ብቻ ነበሩ። መነጽር ከጀመርን ወዲህ ደግሞ ከስልክ ይልቅ የታብሌቱ ሰፊ ፊደል ለዓይናችን እንደሚሻል መሸሸግ አይገባንም።

እንግዲህ ወደ ስሕተታችን እንምጣ። ሰዎቹ እንዳይለዩ አንዳንዱን ዝርዝር ለውጠነዋል። በቡሬ በአንድ የኪራይ አዳራሽ ለመምህራንና ለወጣቶች ጉባኤ አድርገን ነበር። ፊልም ለማሳየት ታብሌታችንን ከፕሮጀክተር ጋር አገናኘነው። ፊልሙ እየታየ ሳለ በስክሪኑ አናት ላይ የአዲስ ደብዳቤ ማስታወቂያ ብቅ አለ። ላኪዋ በዐረብ አገር በቤት ሠራተኝነት የምትኖር የቁምስናችን ልጅ ነበረች። ስምዋ በግድግዳው ላይ ተነበበ፤ ከስምዋም በታች «አባ፥ ከእንግዲህ ገንዘቡን ለባለቤቴ ሳይሆን ለእናቴ ልልክ ወስኛለሁ፤ ምክንያቱም» የሚል ቃል ታየ። እዚያ ላይ ተቆረጠ። ማስታወቂያው ከጥቂት ሰከንድ በላይ አልቆየም። ነገር ግን የባለቤትዋ ወንድም በሁለተኛው መደዳ ተቀምጦ ነበር።

ያንን የተቆረጠ «ምክንያቱም» ሰው ሁሉ በየራሱ ሞላው። አንዱ መጠጥ ነው አለ፤ ሌላው ሌላ ሴት አለች አለ፤ ሦስተኛው ደግሞ እርስዋ ራስዋ በዚያ ሌላ ኑሮ ጀምራለች አለ። የገበያ ቀን ሳይደርስ ወሬው ማንኩሳ ገባ። ደብዳቤውን ማታ ለብቻችን ሆነን ሙሉውን አነበብነው። የቀረው ምን እንደሚል እዚህም አንጽፍም፤ ከተወራው ሁሉ አንዱም እንዳልነበረበት ብቻ እንናገራለን። ሙሉ ደብዳቤ ቢገለጥ ኖሮ ጉዳቱ ባነሰ ነበር፤ ሰውን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ግማሽ ቃል ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ከእርስዋ አንድ መስመር ደረሰን፦ «አባ፥ ለእርስዎ ብቻ የጻፍኩ መስሎኝ ነበር።» ከዚያ በኋላ አልጻፈችም።

እስከዚያ ቀን ድረስ ምቾትንና ምሥጢርን ስንመዝን ሁለቱም የራሳችን ይመስሉን ነበር፤ በአንዱ ወገን የእኛ ድካም፥ በሌላው ወገን የእኛ ምሥጢር። «እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም» የሚል ሰውም የሚመዝነው በዚሁ ሚዛን ነው። ሚዛኑ ራሱ ግን የተሳሳተ ነው። በመልእክት ሣጥናችን ውስጥ እኛ የጻፍነው ጥቂት ነው፤ የሚበዛው ሌሎች አምነው የጻፉልን ነው። ምቾቱን የምናገኝ እኛ ነን፤ ዕዳውን የሚከፍሉት ግን እነርሱ ናቸው፥ ያውም ሳይጠየቁ። ሰው በራሱ ገንዘብ ቢደፍር ደፋር ይባላል፤ በአደራ ገንዘብ ቢደፍር ግን የሚሰጠው ስም ሌላ ነው።

ይህን ለመረዳት ብዙ መጻሕፍት ማገላበጥ አላስፈለገንም፤ ከልጅነታችን የምናውቀው ነገር ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በመንደራችን ፊደል የቆጠረ ጥቂት ስለ ነበረ፥ ልጆቻቸው ለብሔራዊ ውትድርና የሄዱባቸው እናቶች ደብዳቤ ሲደርሳቸው ወደ እኛ ይመጡ ነበር። የአገራችን ፖስታ ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ ቢቋቋምም ደብዳቤ የሚደርሰው ከከተማ ፖስታ ሣጥን እንጂ ከገጠር ቤት ደጃፍ አልነበረም፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን መንገድ ገበያተኛ በኪሱ ያደርሰዋል። እኛም ጮክ ብለን እናነባለን። የጤና ጥያቄውና የዘመድ ሁሉ ሰላምታ ገጹን ይሞላል፤ ዋናው ነገር ያለው ከመጨረሻው ሁለት መስመር ላይ ነው። እዚያ ስንደርስ ድምፃችንን ዝቅ እንድናደርግ በእጃቸው ምልክት ይሰጡናል። ካነበብንም በኋላ ወረቀቱን አጣጥፈው በመቀነታቸው እየቋጠሩ «በል ልጄ፥ አንብበኸዋል፤ አሁን ደግሞ እርሳው» ይሉን ነበር። እኛም እንረሳው ነበር፤ ባንረሳውም የረሳን እንመስል ነበር። ታብሌት ግን ይህን ትእዛዝ አያውቅም። አንድ ቃል ጽፈው ፈልግ ሲሉት የአሥር ዓመት ደብዳቤ ከነስሙና ከነቀኑ ያወጣል፤ የሚያወጣውም ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ለያዘው ሰው ሁሉ ነው።

አንዳንድ መምህራን በዚህ ላይ የተናገሩት መልስ የሚያሻው ነው። ግላዊነት የሚሉት ነገር የከተሜና የባለ ብዙ ክፍል ቤት ሰው ጥያቄ ነው፤ ቤተ ሰቡ ሁሉ በአንድ ምድጃ ዙሪያ በሚያድርበት በገጠራችን ምን ትርጉም አለው? ይላሉ። እኛ ግን ተቃራኒውን አይተናል። የገበሬው ቤት ግድግዳ ስለሌለው ሰው በግድግዳ ፈንታ ሥርዓት አበጅቶአል። እንግዳ ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል እንጂ ዘው ብሎ አይገባም። ባልና ሚስት ነገር ሲጀምሩ ጎረቤት ከብቶቹን አያለሁ ብሎ ይወጣል። ትልቁ ሲናገር ልጅ ያልሰማ ይመስላል። ገመና የሚለው ቃላችን ራሱ እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ የተወለደ ነው፤ የሚሸፈነው በበርና በቁልፍ ሳይሆን በሰዎች ጨዋነት ነው። ታብሌቱ ግን «ቤቶች!» ብሎ ሳይጣራ የሚገባ እንግዳ ሆነብን። ጨዋነት እንዲኖረው ከተፈለገ የምናስተምረው እኛ ነን።

አደጋው የመንደር ወሬ ብቻም አይደለም። በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ እ.ኤ.አ. በ2014 ዋሽንግተን በሚገኝ ፍርድ ቤት በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ ክስ አቅርቦ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ስሙ እንዳይገለጥ ስለ ፈቀደለት በመዝገብ የሚታወቀው ኪዳኔ በሚል ስም ነው። ክሱ እንደሚለው ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ከኢሜይል ጋር ተያይዞ በመጣ ሰነድ በኩል ወደ ኮምፒውተሩ ገብቶ ደብዳቤዎቹንና በስካይፕ የተናገረውን ሲቀዳ ኖሮአል፤ በዚያው ኮምፒውተር ልጁ የሠራው የትምህርት ቤት ሥራ እንኳ አልቀረም። የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በመጋቢት 2009 ዓ.ም. በመንግሥታት ያለመከሰስ መብት ምክንያት ክሱን ዘግቶታል። እኛን የገረመን የሕጉ ክርክር ሳይሆን የልጁ ነገር ነው። አንድ ሰው በሚጠቀምበት መሣሪያ ሌላው ሰው ይጋለጣል፤ የእኛም ጉዳይ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 31 ላይ ምሥጢርነት ያለው ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን እንዳይገልጥ ይከለክላል። ኢሜይል ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት የተጻፈ ቢሆንም ደብዳቤውን የተቀበለው ሰው ሙሉ ጌታ አለመሆኑን በግልጽ አስቀምጦአል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ይህንኑ ጥበቃ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች ለሚደረግ ግንኙነት ሰጥቶአል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም በ2016 ዓ.ም. ወጥቶአል። የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና ደግሞ በቁጥር 23 ማንም የሌላውን መልካም ስም ያለ አግባብ እንዳይጎዳ፥ ገመናውን የመጠበቅ መብቱንም እንዳይጥስ ያዛል። በዚህ አጋጣሚ መምህራን ለምእመናን እንዲያስረዱልን የምንሻው አንድ ነገር አለ። በኢሜይል የተጻፈልን ነገር የቱንም ያህል ከባድ ቢሆን ምስጢረ ንስሐ አይደለም፤ የኑዛዜ ማኅተምም የለበትም። ስለዚህ ለንስሐ የሚሆነውን በአካል እንጂ በደብዳቤ አትላኩልን። የሚላክልንን ግን እንደ አደራ ለመጠበቅ ግዴታ አለብን።

በተግባር ያደረግነውን እንናገር። ታብሌቱን አልጣልነውም፤ ያንን የዓይን ሕመምተኛ ሽማግሌ እናስታውሳለን። መጀመሪያ የደብዳቤ ማስታወቂያ በስክሪን ላይ እንዳይወጣ ዘጋነው፤ ይህን ለማድረግ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልወሰደብንም፤ ቀድሞ አለማድረጋችን ነው የሚያሳፍረው። ቀጥሎ ከወረዱት ደብዳቤዎች በመንገድ የሚያስፈልጉንን የቅርብ ሳምንታት ብቻ እንዲይዝ አደረግን፤ የቀሩት ርቆ ባለው የኢሜይል አገልጋይ ኮምፒውተር ላይ ይቆያሉ። ረዘም ያለ የይለፍ ቃልም አበጀን፤ በዘመኑ ታብሌቶች ውስጥ ያለው ጽሑፍ የሚመሠጠረው በእርሱ ነውና፥ አራት ቁጥር ያውም የልደት ዓመት ለዚህ አይበቃም። ኢሜይል የሌሎች በሮች ሁሉ ቁልፍ መሆኑንም እናስታውስ፤ የባንክ ወይም የሌላ አገልግሎት የይለፍ ቃል ጠፋኝ ሲባል አዲሱ የሚላከው ብዙ ጊዜ ወደ ኢሜይል ነው።

አንዳንድ ወጣቶች «አባ፥ ቢጠፋም ከሩቅ ሆኖ ማጥፋት ይቻላል» ብለውናል። እውነት ነው፤ ከሌላ መሣሪያ ትእዛዝ ቢላክለት ጠፍቶ የተገኘ ታብሌት ውስጡን ይደመስሳል። ትእዛዙ የሚደርሰው ግን ታብሌቱ ኔትወርክ ሲያገኝ ነው። ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ የወደቀ፥ በሌባ ወይም በመንገድ ፍተሻ ከእጃችን የወጣ ታብሌት ትእዛዙን ሳይሰማ ሊቆይ ይችላል። ደብዳቤዎቹን ያወረድነው ያለ ኔትወርክ እንዲነበቡ ነው፤ ያለ ኔትወርክ የሚነበቡትም ላገኛቸው ሁሉ ነው።

የከበደን አንድ ታብሌት ለብዙ ሰው የሚያገለግል መሆኑ ነው። መዘምራኑ ዜማ ይለማመዱበታል፤ መምህራኑ ትምህርት ያዘጋጁበታል፤ ልጆች ሥዕል ያዩበታል። ለእያንዳንዱ ለመግዛት አቅም የለንም። አንዳንድ የአንድሮይድ ታብሌቶች ለየተጠቃሚው የተለየ ክፍል ለመክፈት ይፈቅዳሉ፤ አይፓድ ግን ለግል ባለቤቶች ይህ የለውም፤ በአንድ ፕሮግራም ላይ ብቻ ቆልፎ መስጠት ግን ይቻላል። እኛ በመጨረሻ የቁምስናው ታብሌት ኢሜይል ጨርሶ እንዳይኖርበት ወሰንን፤ ደብዳቤ የምናነብበት ለብቻው ያለ አሮጌ መሣሪያ ነው፤ ለማንም አናውሰውም። ለዚህም ቅሬታ ደርሶብናል፤ አንዲት መምህርት እኅታችን አባ ንፉግ ሆነዋል አሉ ተብሎ ሰምተናል። ይቅር እንላቸዋለን፤ መሣሪያውን ግን አንሰጥም።

የዚያች ልጅ ጉዳይ እስከ አሁን አልተዘጋም። ባልየው ቀዬ ያሉ ሽማግሌዎች ሦስት ሆነው መጥተው ደብዳቤውን እንድናሳያቸው ጠይቀውናል። ሐሳባቸው ለሰላም ነው፤ ሙሉው ቢነበብ ወሬው ይበርዳል፥ ባልም ይረጋጋል ይላሉ፤ እኛም ሳናምንበት አልቀረንም። ሆኖም «አባቶቼ፥ ደብዳቤው በእጄ ቢሆንም የእኔ አይደለም» ብለን መለስናቸው፤ ከተወራው አንዱም እንደሌለበት ብቻ ነገርናቸው፥ ይህን ያህል መናገራችንም ትክክል ይሁን አይሁን እርግጠኞች አይደለንም። ደብዳቤውን ከታብሌቱ አጥፍተነዋል፤ ከአገልጋዩ ኮምፒውተር ግን አላጠፋነውም፥ አንድ ቀን ለእርስዋ ምስክር ሊሆን ይችላልና። ፈቃድዋን ለመጠየቅ ሁለት ጊዜ ጽፈንላታል። ሽማግሌዎቹ ከመስቀል በኋላ እንመለሳለን ብለው ሄደዋል፤ መልስዋን እየጠበቅን ነው።