አምስተኛዋ ድንቢጥ

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ስለ ምግብ፣ ስለ ልብስና ስለ ነገ መጨነቅን የከለከለበት ትምህርት ዝናብ በማይጠፋበት ደጋ ሲነበብ ለጆሮ ይጥማል፤ ሰማዩ በሚነፍግበት ቆላ ሲነበብ ግን ጥያቄ ያስነሣል። በኬንያና በኢትዮጵያ ድንበር አቅራቢያ፣ ከሞያሌ ወደ ማርሳቢት በሚወስደው መንገድ አካባቢ ያለችው ሶሎሎ ከእነዚህ ቆላዎች አንዷ ናት። የአካባቢው ቦረና ዋናውን ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ «ሀገያ» የሚባለውን አጭሩን ዝናብ ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር ይጠብቃል፤ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ግን አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው የብዙ አርብቶ አደር በረት ባዶ ቀርቷል። ሳይዘሩና ሳያጭዱ ስለሚመገቡት የሰማይ ወፎች የተሰጠው ትምህርት ለዚህ ሰው ምን ይለዋል?

በቅድሚያ ጭንቀትንና ዝግጅትን መለየት ያስፈልጋል። ጭንቀት ገና ያልደረሰውን ቀን መከራ ልብ ዛሬ ላይ መሸከሙ ሲሆን፣ ዝግጅት ደግሞ ለነገ የሚበጀውን ሥራ ዛሬ መሥራት ነው። ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከግብፅ ምድር ምርት አምስተኛውን እጅ ያስከማቸው ለእግዚአብሔር በመታዘዝ ነው። በበረሃ የወረደው መና ለማግሥቱ ሲተርፍ የተላው፣ ለሰንበት ሲቀመጥ ግን ያልተላው ጥፋቱ ከማስቀመጡ ሳይሆን ካለመታመኑ ስለነበረ ነው።

የቦረና አርብቶ አደር ይህን ልዩነት በኤላው ላይ ያውቀዋል። ኤላ ማለት በእጅ የተቆፈረ ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ሲሆን፣ ከድንበሩ ወዲያ በኢትዮጵያ በኩል በዱብሉቅ እንዳሉት ባሉ ኤላዎች ቀጂዎቹ ከታች እስከ ላይ ተደራርበው ቆመው፣ እያዜሙ መቅጃውን ከእጅ ወደ እጅ በመቀባበል ውኃውን እስከ ገንዳው ያደርሱታል፤ የማጠጣቱን ተራ የሚጠብቀውም «አባ ሔሬጋ» ይባላል። በበጋ ከብቱ በየሦስተኛው ቀን ስለሚጠጣ፣ ተራው የታወቀለት እረኛ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሲሻማ መዋል አያስፈልገውም። ዝናቡ በእጁ ባይሆንም ተራው በእጁ ነው፤ ሰው ጥበበኛ የሚባለውም እነዚህን ሁለቱን ሲለይ ነው። (እንቅልፍና እህል እስከ መከልከል የደረሰ ጭንቀት ግን ሕመም ነውና በስብከት ብቻ መታከም የለበትም፤ ሞትን ለተመኘው ለኤልያስም መልአኩ ያቀረበለት ተግሣጽን ሳይሆን እንጎቻና ውኃ ነበር።)

ከረኀብ ይልቅ ጠልቆ የሚገባው ግን ውርደቱ ነው፤ ከብት የሰው ልክ በሆነበት አገር በረቱ የተራቆተበት ሰው ከሰው ተራ የወጣ ይመስለዋልና። ለዚህ ቦረና «ቡሳ ጎኖፋ» አለው፤ ዛሬ የኦሮሚያ ክልል ስሙን ለመረዳጃ ተቋሙ የወሰደው ይህ ሥርዓት፣ በድርቅ፣ በበሽታ ወይም በዘረፋ ከብቱን ያጣ ሰው ጉዳዩን ለጎሳው አቅርቦ ወገኖቹ ከየመንጋቸው እየከፈሉ ዳግም የሚያቋቁሙበት ነው። የሚሰጠው ጊደር ከምጽዋት የሚለየው ተቀባዩ የጎሳው ሰው ሆኖ ስለሚቀበለው ነው፤ ከብቱ ቢያልቅም ወገንነቱ አላለቀም።

ወንጌልም ከዚህ አልፎ ይሄዳል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 በአንድ ሳንቲም ሁለት ድንቢጦች ይገዛሉ፤ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ደግሞ በሁለት ሳንቲም አምስት። በሒሳቡ መሠረት አምስተኛዋ ዋጋ ያልተከፈለባት፣ ነጋዴው የጨመራት ምርቃት ናት፤ ጌታ ግን ከአምስቱ አንዲቱም በእግዚአብሔር ዘንድ እንዳልተረሳች አስተምሯል። እዚህ ላይ ሰባኪዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ነገር አለ። ጌታ ድንቢጥ እንደማትወድቅ ተስፋ አልሰጠም፤ «ያለ አባታችሁ ፈቃድ» እንደማትወድቅ እንጂ። ስለዚህ ላመነ ሰው ከብቱ አያልቅም ብሎ የሚሰብክ ሰው ጌታ ያላለውን ይጨምራል፤ ከብቱ ያለቀበትንም ምእመን እምነቱ ስላነሰ ነው እንዲል ያደርገዋል።

አምስተኛዋ ድንቢጥ ካልተረሳች ከብቱ ያለቀበትም ሰው አልተረሳምና፣ በእነዚህ አካባቢዎች ያለች አጥቢያ መንጋውን አጥቶ ወደ ከተማ የገባውን አርብቶ አደር ስሙን በእርዳታ መዝገብ ከመጻፏ በፊት ከሽማግሌዎቿ ጋር አስቀምጣ ምክሩን ልትጠይቀው ይገባታል፤ በድርቅ መካከል መንጋን ወዴት መንዳት፣ የትኛውን አስቀድሞ መሸጥ፣ የትኛውን ማቆየት እንደሚሻል ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ በጉባኤው ውስጥ ላይኖር ይችላል።