ሕሙም ሳይድን ሲቀር በደሉ የማን ነው?

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፥ ከደሴ ተነሥተህ በወልድያ መንገድ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄድ የሐይቅን ከተማ ታገኛለህ፤ በአጠገቧም ስሟን የወሰደችበት ሰፊ ውኃ አለ። ወደ ውኃው ዘልቆ በገባው ልሳነ ምድር ላይ የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ቆሟል። ስፍራው በቀድሞ ዘመን ደሴት ነበረ፤ ውኃው እየሸሸ ስለ ሄደ ግን ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ ከተማሩ በኋላ ወደዚህ መጥተው መምህር ሆኑ፤ ከደቀ መዛሙርታቸውም አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ የሰጡት ሥዕል ያለበት የአራቱ ወንጌል መጽሐፍ እስከ ዘመናችን ደርሷል። የገዳሙም አለቃ ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ በነገሥታት አደባባይ የከበረ ነበረ።

ነገር ግን ዛሬ ልጽፍልህ ያሰብሁት ስለዚህ ክብር አይደለም። በሐይቁ ዙሪያና በአምባሰል ተራራ ሥር ስማቸው በመጽሐፍ የማይገኝ ብዙ ትንንሽ አጥቢያዎች አሉ፤ ሁለት ቄስ፥ ጥቂት ዲያቆናት፥ አንድ ሰንበቴ፥ ምናልባትም አንድ ጠበል ያላቸው። ወደ እነዚህ ደጆች በየሳምንቱ ሕሙም ይመጣል። እኔ የምጠይቅህ ነገር ከዚያ ደጅ የተነሣ ነው፤ የተጸለየለት ሰው ሳይድን ቢቀር በደሉ የማን ነው?

አስቀድሞ ግን እስጢፋኖስ ማን እንደ ነበረ እናስታውስ። ሁላችን በድንጋይ ተወግሮ መሞቱን እናውቃለን፤ የተሾመበትን ሥራ ግን ብዙዎቻችን እንዘነጋለን። በኢየሩሳሌም የምእመናን ቍጥር በበዛ ጊዜ፥ ቋንቋቸው ግሪክ የሆነ መበለቶች በየዕለቱ ከሚታደለው ምግብ ተረሱና ማጕረምረም ሆነ። ሐዋርያትም ለዚህ ማዕድ ሰባት ሰዎች አስመረጡ፤ በመጀመሪያ ስሙ የተጠራውም እስጢፋኖስ ነበረ። ተአምራት ማድረጉ የተነገረው ከዚህ ሹመት በኋላ ነው። እንግዲህ በስሙ የተሠራች ቤተ ክርስቲያን ተአምርን ከመለመኗ በፊት፥ ማን ሳይበላ እንዳደረ ልትጠይቅ ይገባታል፤ ይልቁንም ከተረሱት መካከል ቋንቋው ወይም ሃይማኖቱ የእኛ ያልሆነው ማን እንደ ሆነ ልትጠይቅ ይገባታል። በወሎ ምድር እስላምና ክርስቲያን በአንድ ምንጭ የሚቀዱ፥ በጋብቻም የተዛመዱ ናቸውና ይህ ጥያቄ ሩቅ አይደለም። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ይህችን አገር ባጠፋ ጊዜም የሞቱት የሁለቱም ወገን ልጆች ነበሩ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ይህን የምጽፍልህ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። በወጣትነቴ ዘመን ስሙን በማልጠራው አንድ አጥቢያ፥ በጠበሉ ዘንድ አገለግል ነበር፤ ሥራዬም ውኃ ማቀበልና ሕሙማንን ተራ ማስያዝ ነበረ። አንዲት እናት ሰባት ዓመት የሚሆነውን ልጅዋን አዝላ መጣች። ልጁ የሚጥል በሽታ ነበረበት። ከጤና ጣቢያ የታዘዘለትን ክኒን በየማታው ትሰጠው ነበረ፤ ከመካከላችን ግን አንዱ ክኒንና ጠበል በአንድ ሆድ አያድሩም ብሎ ነገራት፥ እርስዋም አምና ተወች። አንድ ሱባዔ ጨረሰች፥ ሁለተኛም ጨረሰች። ልጁ ከቀድሞው ይልቅ አዘውትሮ ይወድቅ ጀመር። በመጨረሻው ቀን ወደ እኔ ቀርባ ምን ላድርግ ብትለኝ፥ በእውነት አምነሽ ነውን የመጣሽው? አልኋት። ሌላ አልተናገርሁም። እርስዋም አንገትዋን ደፍታ ልጅዋን አዝላ ሄደች። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ልጁ ከምድጃ አጠገብ ተቀምጦ ሳለ ሕመሙ ጣለውና እጁ በእሳት ተቃጠለ ሲሉ ሰማሁ።

አንባቢ ሆይ፥ እንደ እኔ ያለ ቃል ተናግረህ ታውቃለህን? ምናልባት በቃል ሳይሆን በዓይንህ ተናግረኸው ይሆናል። አንድ ሰው ታሞ ብዙ ቀን ሲተኛ፥ አንድ ነገር ደብቆ ይሆናል፥ ንስሓውን አልፈጸመም፥ ቤተ ሰቡ የሠሩት አለ፥ እያልን በሹክሹክታ እንነጋገራለን። ይህን የምናደርገው ጨካኞች ስለ ሆንን ብቻ አይመስለኝም። የጎረቤታችን ደዌ ምክንያት ካለው እኛ ያን ምክንያት አስወግደን ከደዌ የምናመልጥ ስለሚመስለን ነው። ደቀ መዛሙርትም ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ ኀጢአቱ የማን እንደ ሆነ ጠይቀው ነበር፤ ጌታም የእርሱም የወላጆቹም አለመሆኑን ነግሮ፥ በምራቁ ጭቃ ለውሶ ዓይኑን ቀብቶ እንዲታጠብ ሰደደው። የኢዮብም ወዳጆች ሰባት ቀን ሙሉ ዝም ብለው በአጠገቡ በመሬት ተቀመጡ። እስከዚያ ድረስ መልካም ወዳጆች ነበሩ፤ ጥፋታቸው የተጀመረው አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ነው።

በሕሙሙ እምነት ማነስ የምታመካኝ ብትሆን፥ ስለ ጥሮፊሞስ ምን ትላለህ? ሐዋርያው ጳውሎስ ከሰውነቱ የተወሰደ ጨርቅ እንኳ ሕሙማንን ይፈውስ እንደ ነበረ ተጽፏል። ያው ጳውሎስ ባልንጀራውን ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ትቶት ሄደ። ለጢሞቴዎስም ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መከረው እንጂ እምነትህ ጎደለ አላለውም። ለራሱም የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ አልተወገደለትም። ከእነዚህ ከሦስቱ የትኛው ነው ያላመነ? አልዓዛር እንኳ ከመቃብር ከተነሣ በኋላ ዳግመኛ ሞቷል። ስለዚህ መዳንን የእምነት ሚዛን፥ አለመዳንንም የኀጢአት ማስረጃ የሚያደርግ ሰው፥ ሳይሾሙት ዳኛ ሆኖ ተቀምጧል።

ሁለተኛው ነገር መድኃኒት ነው፤ በዚህ ብዙ ነፍስ ጠፍቷልና ጥቂት ልዘግይበት። ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፥ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር እንደ ሆነ በመጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። ወንጌልን የጻፈው ሉቃስ ሐኪም ነበረ። በ4ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ባስልዮስ በቂሣርያ ከተማ አጠገብ ለድኆችና ለሕሙማን ቤት አሠርቶ ሐኪሞችን አኖረበት፤ ከሥጋ ደዌ የተነሣ ሰው ሁሉ የሚሸሻቸውንም ተቀበለ። እንግዲህ ጸሎትንና መድኃኒትን ማጣላት የአባቶች ትምህርት አይደለም።

በአገራችንም ኤድስ የተባለው ደዌ በበረታ ጊዜ ብዙ ሕሙማን ወደ እንጦጦ ማርያም ጠበል ወጥተው ነበር። በ1997 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒት ያለ ዋጋ መታደል ተጀመረ፤ ነገር ግን ክኒን መዋጥ እግዚአብሔርን አለማመን ነው የሚል ወሬ ስለ ነበረ፥ ከሕሙማኑ አንዳንዶቹ መድኃኒቱን ናቁት፥ የጀመሩትም አቋረጡት። ይህ መድኃኒት ሲቋረጥ ግን ተኝቶ የነበረው ተሐዋሲ ዳግመኛ ይበዛል፥ መድኃኒቱንም መቋቋም ሊለምድ ይችላል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ ስለ ሆኑ በአንድነት መውሰድ እንደሚገባ በግልጥ ተናገሩ። ይህ ቃል ጥቂት ዓመት ቀድሞ በየአጥቢያው ተነግሮ ቢሆን ኖሮ እላለሁ። ነገሩም ለኤድስ ብቻ አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ስድስት ወር ያህል ሳይቋረጥ ይወሰዳል፤ ሕሙሙ ቀለል ሲለው ቢተወው ደዌው መድኃኒቱን ለምዶ ይመለሳል፥ ለቤተ ሰቡም ይተላለፋል። የሚጥል በሽታ መድኃኒትም በድንገት ቢቆም ሕመሙ እየተደጋገመ ይጥላል፤ እኔ ያየሁት ይህን ነው። የሥጋ ደዌ እንኳ፥ ሰውን ከመንደር ያስወጣ የነበረው፥ ዛሬ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት በሚወሰድ መድኃኒት ይድናል፤ ከደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም በዚህ ሕክምና የታወቀ ነው።

አንተ ተማሪ የሆንህ አንባቢ ምናልባት እንዲህ ትል ይሆናል፤ እንግዲያስ ሁሉ በሐኪም እጅ ካለ፥ ትንሿ አጥቢያ ምን ትሠራለች? ጸሎቱን ትተን ለምን ጤና ጣቢያ ብቻ አንሠራም? በእውነት ከዚህ ጥያቄ መሸሽ አይገባም። እኔም በጸሎት ፈውስ የለም አልልም፤ ደዌያቸው ባልታሰበ መንገድ የተወገደላቸውን አይቻለሁ። ግን መልሴን በእነርሱ ላይ አልሠራውም። በዐቢይ ጾም አራተኛ ሰንበት የምናስበውን መጻጉዕን ተመልከት። 38 ዓመት በውኃው ዳር ተኝቶ ነበር። ጌታ ልትድን ትወዳለህን ባለው ጊዜ የመለሰው ስለ ደዌው አልነበረም፤ ውኃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነው የተናገረው። ፈውስ በአጠገቡ ነበረ፥ ሰው ግን አልነበረውም። በሐይቅ ዙሪያም መድኃኒቱ በጤና ጣቢያ ተቀምጦ ሳለ፥ በቀበሌው ዳር የሚኖር ሕሙም እንደዚያው ተኝቶ ይቀራል፤ የሚያደርሰው፥ በመንገድ የሚያበላው፥ ቤቱን የሚጠብቅለት የለምና።

ደግሞም ሐኪሙ ሕሙሙን የሚያየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሌሊቱ ግን ረጅም ነው። በሌሊት የሚፈራ ሰው ጸሎትን ይሻል፤ እንደሚድን ምሎ የሚነግረውን ሳይሆን፥ ቢድንም ባይድንም የማይተወውን ይሻል። ስለዚህ ትድናለህ ብሎ ተስፋ የሚሰጥ አገልጋይ ያልተሰጠውን ቃል ይናገራል ብዬ አስባለሁ፤ መጸለይ ምን ይጠቅማል የሚለውም የሕሙሙን ሌሊት አላየም።

በወሎ ቅሬ የሚባል፥ በሌላው አገር ዕድር የምንለው ማኅበር እንዳለ ታውቃለህ። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድነት ሙታንን ይቀብሩበታል፤ ሕሙምንም በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ሐኪም ያደርሱበታል። ከአባሎቹ አንዱ ሳይወጣ ቢቀር መቀጫ ይከፍላል። ይህን ባሰብሁ ቍጥር ጥቂት አፍራለሁ፤ እኛ በጠበሉ ዳር ስለ ሰው እምነት ስንመረምር፥ እነርሱ ቃሬዛውን ያነሡ ነበርና። ያን ልጅም ያነሡት እነርሱ ናቸው። እጁ በተቃጠለ ቀን አንዲት አሮጊት እስላም ጎረቤት ወደ ቅሬው ሽማግሌዎች ሄደው ጮኹ፤ በሌሊትም ስድስት ሰዎች እየተቀያየሩ ተሸክመው አደረሱት።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ይቅርታ ልለምናት ወደ እናቲቱ ቤት ሄድሁ። ልጁ አድጓል። ሁለቱ ጣቶቹ ተጣብቀው ቀርተዋል፤ ሕመሙም ፈጽሞ አልለቀቀውም፥ ግን በወር ብዙ ጊዜ ይጥለው የነበረው አሁን በብዙ ወር አንድ ጊዜ ነው። ጠዋት ጠበሉን ታጠጣዋለች፥ ማታ ክኒኑን ትሰጠዋለች። ያሰብሁትን ንግግር ልጀምር ስል ቡና አቅርባ ዝም አሰኘችኝ። ስለዚያ ቀን አንዳች አላነሣችም። ከሣጥኗ አንድ ካርድ አውጥታ፥ እርስዋ ማንበብ አትችልምና፥ ሐኪሙ የቀጠረው ቀን መቼ እንደ ሆነ እንዳነብላት ሰጠችኝ። አነበብሁላት፤ ቀኑ የሚመጣው ማክሰኞ ነበረ። መንገዱም ሩቅ ነውና፥ ልጁን የሚሸኘው ሰው እንዳለ ጠየቅኋት።