ማን አይቶ መሰከረ?

አባቴ ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ። የዓለምን ዕድሜ ለጠየቃቸው ሰው 5500ውን ዓመተ ፍዳ ከዓመተ ምሕረቱ ደምረው ወዲያው ይመልሱለታል፤ ወረቀትም እርሳስም አይሹም። እኔ ልጃቸው ደግሞ ጆሃንስበርግ ተቀምጬ ከአልማዝ ውስጥ የሚወጡ ማዕድናትን እመረምራለሁ። በእጄ ከሚያልፉት ወይን ጠጅ ቅንጣቶች መካከል ከ3 ቢሊዮን ዓመት በላይ የሚቆጠርላቸው አሉ። ይህን በስልክ ስነግራቸው አልተቆጡም፤ «ማን አይቶ መሰከረ?» ብቻ አሉኝ።

የጉባኤ ቤት ሰው ጥያቄ ነው። ኢዮብም ከዐውሎ ነፋሱ ውስጥ የተጠየቀው ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ምድር ስትመሠረት የት እንደነበረ ነው። ብዙ ሰባኪ ይህን ጥያቄ አፍ ማዘጊያ ያደርገዋል፦ አልነበርህም፣ ስለዚህ ዝም በል። እኔ እንዲህ አልሰማውም። ችሎት ፊት የቆመ ሰው ነገሩ ሲፈጸም በቦታው ባይኖርም ምስክር መቁጠር ይችላል። የሚቀረው ምስክሩ ምን እንዳየና እስከ የት እንደሚታመን መመርመር ነው።

እኔ የምቆጥረው ምስክር ጋርኔት የተባለው ማዕድን ነው፤ እነዚያ ወይን ጠጅ ቅንጣቶች። አልማዝ ከ150 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት፣ ማንትል በሚባለው የመሬት ክፍል ውስጥ ሲያድግ፣ አጠገቡ ያገኘውን ማዕድን አንዳንዴ በውስጡ ያስቀረዋል። ጌጥ ነጋዴ ይህን እንከን ብሎ ዋጋ ይቀንስበታል። እኛ ዘንድ የሚፈለገው ግን እንከን ያለበት ነው፤ የጠራው ብዙ አይነግረንም። ድንጋዩን በብረት መጭመቂያ ሰብረን፣ ከአሸዋ የምታንስ ቅንጣት ለቅመን እናወጣለን። («አልማዝ ሰበራችሁ?» አሉ አባቴ። ከቢሊዮኑ ይልቅ ያስደነገጣቸው ይህ ነበር።)

ቅንጣቷን አለስልሰን የኤሌክትሮን ጨረር ስናሳርፍባት፣ የሚመለሰው ኤክስሬይ በውስጧ ያሉትን ንጥረ ነገሮች ከነመጠናቸው ያሳያል። የምንጓጓለት ክሮሚየሙ የበዛ፣ ካልሲየሙ ያነሰ ጋርኔት ነው። የማንትል ዐለት በጣም ሲግል ከፊሉ ይቀልጣል፤ ቅልጡ ካልሲየሙንና አሉሚኒየሙን ይዞ ወደ ላይ ሲሄድ ክሮሚየሙ በአብዛኛው ከተረፈው ዐለት ጋር ይቀራል። ይህን የተሟጠጠ ዐለት ሃርዝበርጋይት እንለዋለን። የኬፕ ታውኑ ጆን ገርኒ በካልሲየምና በክሮሚየም ሠንጠረዥ ላይ ያሰመረው አንድ መስመር አለ፤ ከአልማዝ ውስጥ ከወጡት፣ ፔሪዶታይት ከተባለው የማንትል ዐለት ወገን ከሆኑት ጋርኔቶች 85 በመቶ ያህሉ ካልሲየሙ ባነሰበት በኩል ይወድቃሉ። አልማዝን ያህል ነገር የሚሻው ይህን ሲሳዩ የተወሰደበትን ዐለት መሆኑ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ጋርኔት ስለ ቦታ የሚሰጠው ቃል ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1954 ጂኦሎጂስቷ ላሪሳ ፖፑጋዬቫ በሳይቤሪያዋ ያኩቲያ የጅረት ደለል ውስጥ ቀያይ ጋርኔቶችን እየተከተለች ሄዳ ዛርኒፃ የተባለውን አልማዝ ያዘለ ኪምበርላይት አገኘች። ምስክሩ ወደጠቆመበት ተሄዶ ሲታይ ነገሩ እዚያው ነበር። ወደ ዕድሜ ስንመጣ ግን እንዲህ አይቀልም።

ኪምበርላይት አልማዙን ከጥልቅ ይዞ የወጣው የእሳተ ገሞራ ዐለት ነው፤ ሹፌር እንጂ አባት አይደለም። የደቡብ አፍሪካዋ ኪምበርሊ ኪምበርላይት 90 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 ስቴፈን ሪቻርድሰንና ባልደረቦቹ ከኪምበርሊና እዚያው አገር ካለው ከፊንሽ የማዕድን ማውጫ አልማዞች የወጡ ጋርኔቶችን ለክተው ከ3 ቢሊዮን ዓመት በላይ አገኙ። ልኬቱ የቆመው አንዱ የሳማሪየም ዓይነት ቀስ በቀስ ወደ ኒዮዲሚየም በመለወጡ ላይ ነው። ግማሹ እስኪለወጥ 106 ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል፤ ዩኒቨርስ ራሱ ገና 13.8 ቢሊዮን ዓመቱ ነው። ማንም ቆሞ አልጠበቀም። በቤተ ሙከራ ጥቂቱን ቆጥረን ስለ ብዙው እንናገራለን።

«እንግዲያው ፍጥነቱ ያኔም እንዲሁ ነበር ብላችሁ አመናችሁ» አሉኝ አባቴ። አዎ፣ አመንን።

የባሰውንም ራሴ ነገርኋቸው። አንዷ ቅንጣት ለልኬት ስለማትበቃ እነሪቻርድሰን የለኩት ብዙ ጋርኔቶችን በአንድ ላይ አዋህደው ነው፤ ዕድሜያቸው የተለያየ ከነበረ አማካዩ የአንዳቸውም አይሆንም። ደግሞም ጋርኔቱ አልማዙ ሳይፈጠር በፊት የነበረ ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ የለካነው የምስክሩን ዕድሜ እንጂ የአልማዙን አይደለም። ይህ ክርክር በሙያችን ውስጥ ዛሬም አልሞተም። አባቴ ደስ ብሏቸው «ታዲያ ምስክርሽ ውድቅ ነው» አሉ።

ውድቅስ አይደለም። መስቀለኛ ጥያቄ ቀርቦለት ከቃሉ የተረፈውን ማየት ነው። በኋላ ከአልማዝ የወጡ የሰልፋይድ ቅንጣቶች አንድ በአንድ፣ በሬኒየምና በኦስሚየም፣ ማለትም በሌላ ሰዓት ተለኩ፤ ከኪምበርሊ 2.9 ቢሊዮን፣ በካናዳ ፓንዳ ከተባለው ኪምበርላይት ደግሞ 3.5 ቢሊዮን ዓመት ወጣ። እኔ የማምነው ነገር ቢፈርስ በየት በኩል እንደሚፈርስ አውቃለሁ፤ እምነቴን ከአባቴ እምነት የሚለየውም ይህ ይመስለኛል። የእሳቸው 5500 ልኬት አይደለም፣ ሊሆንም አይሞክርም። አዳም ከገነት ሲወጣ ከተሰጠው ተስፋ ተነሥቶ የሰው ልጅ ስንት ዘመን እንደጠበቀ ይቆጥራል። ለጋርኔት የተገባ ተስፋ የለም። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጎ ማን ይበልጣል ማለት፣ ለእኔ፣ ዳኛውን ጉዳይ ማሳሳት ነው።

«ስድስቱ ቀናትስ?» አሉኝ። ለዚህ እሳቸውን የሚያጠግብ መልስ የለኝም። በስድስቱ ቀናት የተፈጠሩትን ሃያ ሁለቱን ሥነ ፍጥረት ከሃርዝበርጋይት ጋር ለማስታረቅ የሚሞክር ጽሑፍም አልወድም፤ ሁለቱንም ያበላሻል።

አልማዝ የሚገኝበት ሁለተኛ ዐለት አለ፤ ኤክሎጃይት። በደቡብ አፍሪካው ሮበርትስ ቪክተር የማዕድን ማውጫ የተገኙት ኤክሎጃይቶች የኦክስጅን አይሶቶፓቸው (በክብደት የሚለያዩት የኦክስጅን ዓይነቶች መጠን) ቢታይ፣ አንድ ዘመን የውቅያኖስ ወለል እንደነበሩና የባሕር ውኃ እንደለወጣቸው ያመለክታል፤ ወለሉ በኋላ ወደ ማንትል ሰጥሟል። ከእንዲህ ያለ ዐለት ከወጡት አልማዞች አንዳንዶቹ ቀላሉ የካርበን አይሶቶፕ በዝቶባቸው ይገኛል፤ ሕያዋን ፍጥረታት የሚመርጡት እሱን ነው። ስለዚህ ያ ካርበን ባሕር ውስጥ ኖሮ የሞተ ነገር አካል የነበረ ሊሆን ይችላል። ወደዚያው ውጤት የሚያደርሱ ሌሎች ኬሚካዊ መንገዶችም ስላሉ ነገሩ አልተቋጨም።

አባቴ ይህን ከሁሉም አብልጠው ወደዱት። በአንድ ተዝካር ላይ ስለ ትንሣኤ ሲያስተምሩ፣ ከባሕር ወለል የሰጠመ ፍጡር አልማዝ ሆኖ ወጣ ብለው መናገራቸውን እህቴ ነገረችኝ። ደወልሁ። «አባዬ፣ ‹ሊሆን ይችላል› የምትለዋን ጨምሩባት እንጂ!» አልኋቸው።

«ሐዘንተኛ ፊት ቆሜ ‹ሊሆን ይችላል› ልበል፣ ልጄ?» አሉኝ።