የዕድሩ መዝገብ

አንድ ዕድር ነበር። መዝገቡ አርጅቶ በአዲስ ይገልበጥ ሲባል፣ ጸሐፊው «ማስታወሻ» በሚለው ዓምድ ሥር «አንካሳው»፣ «ዱዳው»፣ «የዕብዷ ልጅ» የሚሉ ቃላት አገኘ። ለመለያ ተብለው የተጻፉ ናቸው፤ ያኔ ማንንም አላሳፈሩም፣ ከተጻፈባቸው በቀር።

«ይህንማ አልገለብጥም» አለ። ሁሉም ተስማማ። ጭቅጭቁ የተነሣው ከአንዲት ልጅ ስም ሲደርሱ ነው። 17 ዓመቷ ነው፤ አፏን አልፈታችም፤ ጡሩምባ ሲነፋ ጆሮዋን ይዛ ግድግዳ ሥር ትኮማተራለች።

«የኦቲዝም ተጠቂ በላት» አለ ገንዘብ ያዡ።

«ማን አጠቃት? ኦቲዝም ያለባት ይባል» አሉ መምህሩ።

«ያለባትማ ለዕዳና ለበሽታ ነው፤ ያላት በሉ» አለ ሌላው።

ኮሌጅ የገባው ወጣት ጂም ሲንክለር የተባለ አሜሪካዊ በ1999 እ.ኤ.አ. የጻፈውን አነሣ፤ ኦቲዝሙ ከማንነቱ ተነጥሎ የሚታይ ስላልሆነ «ኦቲስቲክ» መባልን ይመርጣል። ጸሐፊው ደግሞ አገራችን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችውን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ጠቀሰ። ቡናው በረካ ደረሰ። ክፋት የለባቸውም፤ ክርክሩም ከንቱ አልነበረም።

እናትየው እጇን አወጣች። «ለእኔ ያላት ይበቃኛል። ጡሩምባው ግን በራችን ላይ ባይነፋስ?»

«እሱ በአጀንዳ አልተያዘም» አሏት ሰብሳቢው።

ከበሩ አጠገብ የተቀመጠው ጡሩምባ ነፊ ተነሣ። በመዝገቡ «አንካሳው» የተባለው እሱ ነው።

«ለዳኝነት ስታጭ ‹አንካሳው እንዴት ለቅሶ ቤት ቀድሞ ይደርሳል› ብላችሁ አስቀራችሁኝ። ቀጥላችሁ ጡሩምባውን አስያዛችሁኝ፤ በሌሊት ሰፈሩን ሁሉ ስዞር እግሬ ትዝ ያለው የለም። ስለዚህ ቃሉን አስተካክሉ፤ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። የእሷን በር ግን ከነገ ጀምሮ አንኳኩቼ በአፌ እነግራለሁ። አጀንዳ አልጠብቅም።»

ሰብሳቢው አቀርቅረው ጸሐፊውን «ያላት ብለህ ጻፍ» አሉት። ወጣቱ አልተዋጠለትም፤ «ልጅቷ ራሷ ሌላ ብትመርጥስ?»

«አፏን ሳትፈታ?» ሳቀ ገንዘብ ያዡ።

«በሥዕል ካርድ ነው የምትነግረኝ» አለች እናትየው፤ «ዛሬ ጠዋት ሽሮ አልበላም ብላኛለች።»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀምጦ እርሳስ ያለው ሰው ጠየቀ።