ድንበር ገፍተህ ፍርድ ትጠይቃለህ

በኅዳር 2016 ዓ.ም. በአርሲ ሽርካ ወረዳ ምእመናን ተገደሉ። ከዚያ ወዲህ በየለቅሶ ቤቱ አንድ ጥያቄ ይመላለሳል፤ እግዚአብሔር ይህን እያየ እንዴት ዝም ይላል? ገዳይ እህሉን አጭዶ፣ ልጁን ድሮ፣ በሰላም እንዴት ያድራል? ጥያቄው ኃጢአት አይደለም። ኤርምያስ ጠይቆታል፣ ዕንባቆም ጠይቆታል፣ አሳፍ በመዝሙሩ እግሩ ሊንሸራተት ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ተጨንቆበታል። ልጇን የቀበረች እናት ብትጠይቅ ማንም አፏን እንዳይይዝ። የእኔ ነገር ከእርሷ ጋር አይደለም። ከጎኗ ተቀምጠህ ከንፈርህን እየመጠጥህ አብረሃት ከምትጠይቀው ከአንተ ጋር ነው።

አዎን፣ ከዚህ ዓለም ችሎት ያመለጠ ብዙ ነው። ግራዚያኒ በ1950 እ.ኤ.አ. 19 ዓመት ተፈርዶበት ጥቂት ወራት ታስሮ ወጣ፤ ያውም ከናዚዎች ጋር በማበሩ እንጂ በየካቲት 12 ደም አልነበረም። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በግንቦት 1983 ወደ ሐራሬ ሄደ፤ በ2000 ዓ.ም. ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ ግን አልተፈጸመም። የእነዚህን ስም ማንሣት ደስ ይልሃል። ሩቅ ናቸዋ!

የናቡቴን ታሪክ ሰምተሃል። አክአብ የጎረቤቱን የወይን ቦታ ተመኘ፤ ኤልዛቤል ሁለት የሐሰት ምስክር አቆመች፤ ናቡቴ በድንጋይ ተወገረ፤ ንጉሡም ርስቱን ሊወርስ ወረደ። ኤልያስ ፍርዱን ነገረው። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ሰባኪውም ይዘለዋል፣ አንተም አትጠይቅም። አክአብ ልብሱን ቀደደ፣ ማቅ ለበሰ፣ ጾመ፤ እግዚአብሔርም በእርሱ ዘመን ሊያመጣው የነበረውን ክፉ ነገር አዘገየለት። ለነፍሰ ገዳይ! የናቡቴ ዘመዶች ያን ቀን ምን ብለው ይሆን? «እግዚአብሔር ዝም አለ» ሳይሉ አይቀሩም። ዝም ያለ የመሰላቸው ግን ንስሐ እየተቀበለ ነበር። አክአብ በማቁ አልጸናም፤ በሬማት ዘገለዓድ ቀስት አገኘው፤ ደሙንም ውሾች ላሱት።

የዘገየ ፍርድ ምሳሌ ከሰማርያ ድረስ ማምጣት ላያስፈልገን ይችላል፤ እዚሁ አርሲ፣ ጭላሎ ሥር ሆኗል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው ካዱ የተባለ የእርሻ ልማት ድርጅት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ይዞ መጣ። ያሰበው ለትንሹ ገበሬ ነበር። መሬቱ ሲያፈራ ግን ባለመሬቱ ዐይኑን ገለጠ፤ ትራክተር ገዛ ወይም መሬቱን ለባለ ትራክተር አከራየ፤ በእኩልና በሲሶ ሲያርስለት የኖረውን ጭሰኛ ልቀቅ አለው። ሰው ጎጆውን ነቅሎ፣ ልጆቹንና ከብቱን ነድቶ ወጣ። ያኔም ፈጣሪ የት ነው ተብሏል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፤ ባለመሬቱ በአንድ ጀንበር ባዶውን ቀረ።

እልል አልን። የፈጣሪ ፍርድ ነው ያልንም ነበርን። ታዲያ ከፍርዱ ምን ተማርን? ዐሥር ዓመት ብዙም ሳያልፍ መንደር ምሥረታ መጣ፤ የጎረቤቱን ቤት የሚያስፈርስ፣ የሌለውን እህል ኮታ አምጣ ብሎ የሚያስጨንቅ ከመካከላችን አልጠፋም። ፍርድ በደጃችን ሲያልፍ የተራ ለውጥ አደረግነው። ተነሡ፣ እኛ እንቀመጥ አልን።

አሁንም ያው ነን። መኸር ሲደርስ ኮምባይነር ሳይገባ ሌሊት ወጥተህ የወሰን ድንጋዩን የምታዛውር አንተ ነህ። በየዓመቱ አንድ ፈር፣ አንድ ፈር እየገፋህ የሙት ልጆችን ማሳ በላህ። ፊደል ያልቆጠረችውን መበለት አውራ ጣቷን ቀለም አስነክረህ፣ ለሁለት ዓመት ያከራየችህን መሬት ዐሥር ብለህ አስጻፍህ። ገበሬው ኩንታሉን በጀርባው ተሸክሞ ሲመጣ ሚዛኑን አዛብተህ ጠበቅኸው። የተፈናቀለ ሰው ላም በርካሽ ገዝተህ «እኔ ምን አገባኝ፣ በገንዘቤ ነው» አልህ። ስለ ገዳዮቹ ብትጠየቅ የምታውቀውን ዋጥህ። ከዚያ ነጠላህን አጣፍተህ፣ ክፉዎች ለምን አይቀጡም ትላለህ! መብረቁ ዛሬ ይውረድ ብትል የማን ጣራ ላይ ይወርዳል?

ጌታ እንክርዳዱ እስከ መከር ከስንዴው ጋር ይደግ ያለው እንክርዳድን ስለወደደ አይደለም። ሁለቱ እሸት ሳይዙ እንደማይለዩ የበቆጂ አራሚ ያውቃል። አንተ ግን ራስህን በምን ለይተህ ነው ማጭዱን ቶሎ አምጣ የምትለው?

ደም ያፈሰስህም ስማ፤ የኖርኸው ስለተረሳህ አይደለም። እጅህን ስጥ፤ ከምድር ችሎት እየሸሹ ንስሐ የለም። ድንበር የገፋህ ደግሞ ለንስሐ አባትህ ተናግረህ፣ ሰግደህ፣ ማሳውን ይዘህ አትቅር። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነው ያለው። በሐሰት የመሰከርህ፣ ወደ ዳኛው ተመልሰህ ዋሽቼ ነው በል፤ ብትታሰርም ታሰር። ድንበር የገፋህም፣ ሽማግሌ ይዘህ የወሰን ድንጋዩን ከነበረበት አኑር፤ እስካሁን ያጨድኸውንም አስልተህ ክፈል። ባለ መሬቷ ሞታ ከሆነ ልጆቿን ፈልግ፤ አዲስ አበባም ገብተው ከሆነ እዚያው ሂድ።