ምልክቱን ማን ያነበዋል?

ናይሮቢ ካሳራኒ፣ ከስታዲየሙ ማዶ፣ ለመዘምራን ኖታ እየተየብሁ እኖራለሁ። መሣሪያዬ ሊሊፖንድ የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ ሙዚቃውን በፊደልና በቁጥር እጽፍለታለሁ፣ እሱ አምስቱን መስመር ይሥላል። የላቲኗን «ቢ» ስጽፍ በነባሩ የሆላንድ አጠራር «ሲ» የምንለውን ድምፅ ይወስዳል። የጀርመን አጠራር ተከተል ካልሁት ግን ያችው ፊደል በግማሽ ድምፅ ትወርዳለች። በሁለቱም አያስጠነቅቅም፤ ለእሱ ሁለቱም ልክ ናቸው።

እዚህ ብዙ መዘምራን የሚያነቡት ቶኒክ ሶልፋ የተባለውን የኖታ አጻጻፍ ነው፤ ጆን ከርዌን በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር ያስፋፋው፣ ሚስዮናውያን ወደ አፍሪካ ያመጡት። «ዶ» በዚህ አጻጻፍ ቋሚ ቤት የለውም። ቁልፉ ካልተጻፈ መሪው አንድ ድምፅ ያሰማል፣ ሌላው ይከተላል።

የሚያስገርመኝ ግን የእኛው ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የዜማ መጽሐፍ፣ በድጓ፣ ከንባቡ በላይ የሚሰፍረው ምልክት ራሱ ፊደል ነው፤ ተማሪው ዜማውን አስቀድሞ በቃሉ ከያዘው ሐረግ የተቀነጨበ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሠሩት ይነገራል። የዜማው ስልት ግዕዝ ይሁን ዕዝል ወይስ አራራይ ካልታወቀ ፊደሏ ብቻዋን አትመራም። ከፊደል ምልክቱ ሌላ ያሉትን የዜማ ምልክቶች፣ ድፋትን፣ ሂደትን፣ ርክርክንና መሰሎቻቸውን፣ የኮምፒውተር ፊደላት መስፈርት የሆነው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ2005 መዝግቧል፤ በፊደል ራስ ላይ ሳይሆን ለብቻቸው ቦታ እንዲይዙ አድርጎ።

ታዲያ ያሬድ ከሰማይ ሰማው የምንለው ዜማ እንዲህ ላለ ጎዶሎ ጽሑፍ እንዴት በአደራ ተሰጠ? ምሥጢር ለመደበቅ ነው የሚሉ አሉ፤ አልቀበለውም። ድጓ ሊያስመሰክር ጋይንት ቤተልሔም የሚወርድ ተማሪ መምህሩ ፊት ያዜማል፤ ቢስት ይታረማል፤ መምህሩንም ያረመ መምህር ነበረው። ጽሑፉ የጎደለውን የሚሞላው ተጠያቂ ሰው ነው። ሊሊፖንድ አንዱን ትርጉም ሲመርጥ ግን ማንን እጠይቃለሁ?

የትውልዱ ሰንሰለት ቢበጠስ ፊደሏ ዲዳ ትሆናለች፤ ይህን ፍርሃት አልንቀውም፤ የምተይበውም ስለዚሁ ነው። ዜማ በአምስት መስመር ሳሰፍር ከርእሱ ሥር ስልቱን፣ ከማን አፍ እንደሰማሁትም እጽፋለሁ። አንድ ደንበኛ ይህ ገጽ ያበላሻል ብሎ እንድሰርዘው ጠየቀኝ። ፊደሉን አሳነስሁለት እንጂ ስሙን አልሰረዝሁም።